የእትዬ ወፎች አድራሻ

በእህቴ እቀናለሁ። ይህን ስናገር የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም፤ ሰው በገዛ እህቱ ይቀናል እንዴ ይለኛል። ታዲያ በማን ልቅና? የማላውቀው ሰው ሰማይ ቢነካ ምን ገዶኝ! ሰው የሚቀናው ከአንድ ሳህን አብሮት በበላ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ሲጓተት ባደገ ሰው ነው። በዚያ ላይ ብርድ ልብሱን ሁልጊዜ የምትወስደው እሷ ነበረች።

እትዬ የወፍ ተመራማሪ ናት። እኔ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ያዩትን ወፍ ኮምፒውተር ላይ ሳጠራ የምውል ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን የብዝኃ ሕይወት መረጃ ማዕከል ይባላል፤ ስሙ ሲሰማ ትልቅ ይመስላል እንጂ አንድ ፎቅ ላይ ያለ፣ መስኮቱ አልዘጋ ያለ፣ ወንበሩ የሚያቃስት ክፍል ነው። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። በየጫካውና በየውሃ ዳሩ እንስሳ ወይም ዕፅዋት ያየ ሰው ምን እንዳየ፣ መቼ እንዳየና የት እንዳየ ይልክልናል። እኛ አጣርተን የጋራ ቋት ውስጥ እናስገባዋለን። መንገድ የሚቀይስ፣ ግድብ የሚገድብ፣ መጋዘን የሚያቆም ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ቋት ውስጥ ገብቶ ያያል። ቋቱ ባዶ ከሆነበት መሬቱም ባዶ ነው ብሎ ቡልዶዘሩን ይልካል።

የኔ ድርሻ «የት» የሚለው ነው። አቤት ስንቱን አይቻለሁ! ቁጥር አገላብጦ የሚጽፍ ስላለ ዝንጀሮ ባሕር መሃል ተቀምጦ አግኝቻለሁ። ቦታው የጠፋበት ሰው ደግሞ የከተማውን እምብርት ነጥብ ጽፎ ስለሚገላገል፣ ነብሩም እባቡም ድኩላውም ማዘጋጃ ቤቱ ጣራ ላይ ተስማምተው ይኖራሉ። አለቃችን ስብሰባ ሲበዛባቸው እኔንም እዚያው ጣራ ላይ መዝግቡኝ ይላሉ።

እትዬ ለዚህ ቋት የአንዲት የወፍ ጎጆ ቦታ እንኳ ሰጥታ አታውቅም ነበር። የእሷ ወፍ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ረግረግ፣ ደንገሉ ውስጥ የምትራባ እግረ ረጅም ወፍ ናት። ስሟ ረጅም ስለሆነ ሁላችንም ግራጫዋ እንላታለን። ግራጫዋ የት እንደምትፈለፍል የሚያውቀው እትዬ ብቻ ናት። በየጉባኤው ፎቶዋን እያሳየች ይጨበጨብላታል፣ ሜዳሊያ ይንጠለጠልላታል። እማዬ ሳሎን ውስጥ የእትዬ ፎቶ ከነሜዳሊያው ግድግዳውን ይዞታል። የኔ ፎቶ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ በላይ ነበር፤ በኋላ ቴሌቪዥኑ በትልቅ ተቀየረና አሁን የሚታየው ግንባሬ ብቻ ነው።

የጎጆዎቹን ቦታ ስጪን ብዬ ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ አኩርፌያታለሁ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ የግራጫዋን እንቁላል በውድ የሚገዙ ሰብሳቢዎች አሉ፣ የሚሰርቁላቸውም አሉ። እኔም ለሕዝቡ የሚታየው ሰፊ አራት ማዕዘን ብቻ ነው፣ ትክክለኛውን ነጥብ የሚያየው ኃላፊነት ያለበት ሰው ነው፣ አንቺ ዘንድ ተቆልፎ ቢቀመጥ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ወተቷን ማንም አላየ እላታለሁ። ቁልፉ አንቺ እጅ አይደል የሚገባው ትላለች፣ ፈገግ ብላ። ያቺ ፈገግታዋ ለስንት ቀን ታቃጥለኛለች።

ታዲያ ዘንድሮ ጉድ መጣ። የከተማው ፕላን ቢሮ ረግረጉ ተደፍኖ መጋዘን ሊሠራበት ነው አለ። ሐሙስ ስብሰባ ይደረጋል፤ ግራጫዋ በእርግጥ የምትራባበት ቦታ በነጥብ ከታየ ያ ቦታ ይተርፋል፣ ካልታየ ሁሉም ይደፈናል። አለቃችን ለእትዬ ደውለው ተማጸኗት። ሰኞ ጠዋት ፍላሽ ዲስክ ይዛ መጣች።

ስትገባ አይቻት ብድግ አልኩ። ወንበር ሳብኩላት፣ ጠረጴዛዬን ጠረግሁላት። እሷ ግን ጉንጬን ሳም አደረገችና አልፋኝ ሄዳ ከጎኔ ካለው ባልደረባዬ ጋ ተቀመጠች። ይህን ሰውዬ ከረሜላ ነው የምንለው፤ ኪሱ ከረሜላ አይጠፋበትም፣ አነጋገሩም እንደዚያው ነው። ፍላሹን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና የማምነው አንተን ነው አለችው። እኔ ሰማሁ። ክፍሉ ሁሉ ሰማ። ያን ሁሉ ዘመን ለምኜ ለምኜ፣ በመጨረሻ የወፍና የከረሜላ ልዩነት ለማያውቅ ሰው ትስጠው? አንጀቴ አረረ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ መስተዋቱ ውስጥ ያየሁትን ሰው እኔም አልወደድኩትም።

ዞሮ ዞሮ ከቤት እንዲሉ፣ ከረሜላ የሚያጣራው የወፉን ስምና ቀኑን ነው። «የት» የሚለው ወደ እኔ መምጣቱ አይቀርም። ከምሳ በፊት ላከልኝ። ነጥቦቹን ካርታው ላይ አፈሰስኳቸው።

አንደኛዋ ጎጆ የጡብ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ላይ ተቀምጣለች። ሌላዋ ኳስ ሜዳ፣ የፍጹም ቅጣት ምት መምቻው ጋ። ሌላዋ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ። የታክሲ ማዞሪያው ላይ ያረፈችም ነበረች። ረግረጉ ውስጥ አንዲት እንኳ የለችም። አፌን በእጄ ይዤ ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ከረሜላ ምን ሆንሽ ቢለኝ አቧራ ነው አልኩት።

ስህተት አልነበረም። ስህተትን ከመልኩ አውቀዋለሁ፤ የተገላበጠ ቁጥርም የተዘለለ ዜሮም የየራሱ መልክ አለው። እነዚህ ሆን ተብሎ የሸሹ ነጥቦች ነበሩ። አንዳንድ ተመራማሪ ሌባ ኮምፒውተሩን ቢወስድበት እንኳ ጎጆውን እንዳያገኝ ነጥቡን አሽሽቶ ያስቀምጣል፤ ሲፈልግ ይመልሰዋል። ችግሩ እትዬ ሁሉንም ያሸሸችው በአንድ አቅጣጫ አልነበረም። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ሰሜን፣ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ። መመለሻው እሷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ሳትመልሳቸው ነበር ያመጣቻቸው።

ለማንም አልተናገርኩም። ሐሙስ ካርታው ግድግዳው ላይ ሲበራ ታየኝ። የፕላን ቢሮው ሰዎች ሲሳሳቁ፣ አንዱ ግራጫዋ ቅጣት ምት ትመታለች ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ እትዬ ከነሜዳሊያዋ ስትንተባተብ ታየኝ። እማዬ ጆሮ ሲደርስ ደግሞ ይበልጥ ጣፈጠኝ። ረግረጉስ? ለረግረጉ አላሰብኩም፤ እውነቱ ይህ ነው። በዚያን ቀን ምሳዬን እንደዚያ ጥርግ አድርጌ በልቼ አላውቅም።

እስከ ሐሙስ ግን መታገሥ አቃተኝ። ፊቷ ሲለወጥ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ማየት ፈለግሁ። ካርታውን በወረቀት አትሜ ከሥራ እንደወጣሁ ቤቷ ሄድኩ።

በሩ ላይ ጭቃ የደረቀበት ቦቲዋ ቆሟል። ከፈተችልኝ፣ ደስ አላት፣ አስገባችኝ። ሻይ አቀረበችልኝ። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና፣ ወፍሽ ኑሮ ተሻሽሎላታል እኮ፣ ሆቴል ገብታ ዋና ጀምራለች አልኳት። አልሳቀችም። ያሸሸኋቸው እኔ ነኝ፣ ምን አዲስ ነገር አለው አለች። እንግዲያው መልሻቸው አልኩና እርሳስ ሰጠኋት።

የጭስ ማውጫዋን ጎጆ ቶሎ መለሰቻት፤ ከውሃ መሳቢያው ጣቢያ አጠገብ መስቀለኛ ምልክት አደረገች። ከዚያ እርሳሱ ኳስ ሜዳው ላይ ቆመ። ብርሃኑ ደካማ ነው አለች፤ መብራት አበራሁላት። መነጽሯን ጠረገች። አንዳንዶቹን በጫጩቶቹ ብዛት ነው ያሸሸኋቸው፣ አንዳንዶቹን በሌላ ነገር ነው አለች። በምን ሌላ ነገር ስላት፣ ነገ እነግርሻለሁ ብላ ተነሣችና ወጥ ቤት ገባች። ስትመለስ ሻይ ይዛልኝ መጣች። የመጀመሪያው ብርጭቆ ገና ሳይነካ እየጨሰ ከፊቴ አለ። ሁለተኛውን ከጎኑ አስቀመጠችው፣ ስኳሩንም አማሰለችልኝ።

ሁለቱን ብርጭቆዎች አየሁ። እሷ እኔ ሳይ አየችኝ። እርሳሱን አንስታ ግድግዳው ላይ ወረወረችው።

«ለዚያ ሰውዬ ለምን የሰጠሁት ይመስልሻል?» አለች። «አንቺ እንዳታዪብኝ ነው። ሌላው ሰው እኔን አያየኝም፣ የሚያየው ወፏን ነው። አንቺ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ዓይንሽን ከኔ ላይ ነቅለሽ አታውቂም።»

መቼ ነው የጀመረሽ አልኳት። እሱንም ረሳሁት አለችና ፈገግ ልትል ሞከረች። ሐኪም ቤት ሄዳለች፤ የሕመሙንም ስም ነግረዋታል። ለእማዬ አልተናገረችም። ፋይሉን ስታመጣ ከረሜላ ሳያስተውል ያሳልፈዋል፣ እስከ ሐሙስም ትዝ ይለኛል ብላ ነበር።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው። ለእሷ መቼም ትልቅ ትልቁ ነገር ነው የሚደርሳት፤ ሕመም እንኳ ሲመጣ እንደኔ የወገብ ሕመም አይደለም። ልስቅባት መጥቼ ሳቁን ነጠቀችኝ። አሁንም አጠገቧ ስቀመጥ እንደ ድሮው ታናሽ ሆንኩ፣ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ከዚያ ቀና ስትል አገጯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ይኼን በፊት አይቼው አላውቅም። ሁለተኛውን ሻይ አንስቼ ጠጣሁት፤ ጣፋጭነቱ ጥርስ ያሳምማል።

ፎቶዎቹን አምጪ አልኳት።

እያንዳንዷን ጎጆ ከቅርብ ያነሣቻቸው ፎቶዎች አሏት፤ ዓለም ያጨበጨበላቸው እነሱ ናቸው። ቦታው እንዳይታወቅ ከጎጆዋና ከደንገሉ ሌላ ምንም እንዳይገባ አድርጋ ነው የምታነሣቸው። እሷ እንደዚያ ነው የሚመስላት። እኔ ግን እያንዳንዱ ፎቶ በወጣ ቁጥር፣ ሰው እሰይ ሲላት፣ ፎቶውን አጉልቼ አጉልቼ ጥጋጥጉን ስፈትሽ ነው የኖርኩት። በዚህኛው ጥግ የውሃ ታንከሩ የተጣመመ መሰላል ጫፍ ይታያል። በዚያኛው ውሃው ላይ የመብራት ምሰሶ ጥላ ወድቋል። ይኼኛው ላይ ደግሞ ከጎጆዋ ኋላ ያለው ጭቃ ቀይ ነው፣ ቀይ ጭቃ ያለው ከጡብ ፋብሪካው በታች ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ከያዝኩ በኋላ በእረፍት ቀኔ ቦቲ አድርጌ እሄድና እስካገኛት እፈልጋታለሁ። ሳገኛት ወደ ጎጆዋ ሳልጠጋ፣ እትዬ የቆመችበት ቦታ ላይ ቆሜ፣ እኔም እችላለሁ ብዬ እመለሳለሁ። ስልኬ ላይ ነጥቡን እይዛለሁ። ቋቱ ውስጥ ግን አስገብቼው አላውቅም፤ ከእሷ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኜ ከምመዘገብ ብሞት ይሻለኛል።

ይህን ሁሉ እየነገርኳት ፎቶ በፎቶ ነጥቦቹን ከስልኬ አወጣሁ፣ ካርታው ላይ አስቀመጥኩ። የመዋኛ ገንዳዋ ጎጆ ወደ ደንገሉ ተመለሰች፣ የታክሲ ማዞሪያዋም ተመለሰች። እትዬ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ስትሰልዪኝ ነዋ የኖርሽው አለችኝ። አዎ አልኳት። አንቺም ደብቀሽ ኖሯል፣ እኔን ላም አለኝ በሰማይ እያልሽ ስትሰድቢኝ አለችና ሳቀች። እንደ ልጅነታችን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን እማዬ እንዳትሰማ አፋችንን ይዘን እንደምንስቀው ሳቀች።

በማግስቱ ነጥቦቹን በዓይናችን ልናረጋግጥ አብረን ረግረጉ ሄድን። ፎቶዎቹ የቆዩ ናቸውና ወፏ አሁንም እነዚያው ደንገሎች ውስጥ መኖሯ መታየት ነበረበት። እዚያ ስትደርስ እትዬ ሌላ ሰው ሆነች። እግሯን የት እንደምታሳርፍ ታውቃለች፤ እኔ ስንሸራተት ክንዴን ይዛ የምታቆመኝ እሷ ናት። ድንገት ደረቴን በእጇ ገታ አደረገችኝና በጣቷ አሳየችኝ። ግራጫዋ እንቁላሎቿ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ አልፌ ልረግጣት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። በፎቶ ያገኘኋቸው ሁሉ በቦታቸው ነበሩ፣ እኔ የማላውቃትን አዲስ ጎጆ ደግሞ እትዬ በድምፅ ብቻ አገኘች። እንዴት ሰማችው? እኔ የሰማሁት ነፋስ ብቻ ነው። ቀናሁባት። ደስ እያለኝ ቀናሁባት።

ቢሮ ተመልሼ ነጥቦቹን በእጄ ቋቱ ውስጥ አስገባሁ። «ያየው ሰው» በሚለው ቦታ የእሷን ስም ጻፍኩ። ያንቺንም ጨምሪ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ምክንያቱን ነግሬአታለሁ፣ ባሕርዬን ታውቃለች።

ሐሙስ የስብሰባው አዳራሽ ጢም አለ። የመጋዘኑ ባለቤት ጠበቃ ይዞ መጥቷል። ካርታው ግድግዳው ላይ ሲበራ የጎጆዎቹ ነጥቦች ደንገሉ ውስጥ ተሰብስበው ታዩ። የፕላን ቢሮው ኃላፊ ጠንካራ ሰው ናቸው፤ ይህ በእርግጥ መሆኑን በምን እናውቃለን አሉ። እትዬ ተነሣች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጥፍሬን እየበላሁ ነበር፤ ብትረሳስ፣ መሃል ላይ ቢጠፋባትስ እያልኩ። አልጠፋባትም። ወፏ ለምን ቀይ ጭቃውን እንደምትመርጥ፣ ውሃው በአንድ ክንድ ቢቀንስ አዳኝ እንስሳ እንዴት በእግሩ ሄዶ ጫጩቶቹን እንደሚበላ፣ ይህ ደንገል ከተደፈነ የምትሄድበት እንደሌላት አንድ በአንድ ተናገረች። ሰው ትንፋሹን ይዞ ሰማት። ጠበቃው ወረቀቱን ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ደንገሉ እንዳይነካ፣ መጋዘኑም ወደ አሮጌው የጡብ ፋብሪካ ግቢ እንዲዛወር ተወሰነ።

ከዚያ ያው የተለመደው ሆነ። ሁሉም እትዬን ከበባት። ከረሜላ ከረሜላ ሰጣት። አለቃችን በሥራ ዘመኔ እንዲህ የጠራ ነጥብ አይቼ አላውቅም እያሉ እጇን አልለቅ አሉ። በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደሰ! እማዬ እዚያው ደወለች፤ እህትሽን በሬዲዮ ሰማኋት፣ አንቺስ ሄደሽ አይተሻታል ወይ አለችኝ። አይቻታለሁ አልኩ። ሆዴ እንደ ድሮው ተቃጠለ፤ እንኳን ተቃጠለ አልኩ በልቤ። ሁሉም ነገር እንደነበረው ነው፣ እሷም እሷው ናት፣ እኔም እኔው ነኝ።

ሰው ሲበተን አዳራሹ ውስጥ ሁለታችን ቀረን። ካርታው ገና አልጠፋም። እትዬ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቆማ ነጥቦቹን እያየች ነው። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። በኩራት ዞር ብላ አየችኝ።

«አየሽ?» አለችኝ። «አንዷንም አልረሳሁም።»

ትቀልድብኛለች ብዬ ፊቷን ፈለግሁ። ያቺን የምታቃጥለኝን ፈገግታ ፈለግሁ። አልነበረችም፤ ከልቧ ነው። የእርሳሱን መወርወር፣ ሁለቱን ብርጭቆ፣ ፎቶዎቹን፣ ያን ምሽት የሳቅነውን ሳቅ፣ አንዱንም አታውቀውም።

«አዎ እትዬ» አልኳት። «ሁሉንም አስታወስሻቸው።»

ክንዴን ያዘችኝና ደረጃውን ወረድን። ታች ስንደርስ መኪናዋን ያቆመችው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልቀናባት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አልሆነልኝም።